ሦስት ዓመት የተጠበቀ መሬት

በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ ሰው ዘንድ ቆላ መውረድ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ጎልማሳው የራሱን ማሳ ዘርቶ እንደጨረሰ ለሰሊጥ አረም ይወርዳል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለአጨዳ። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው የደጋው ገብስና ስንዴ ገና ሳይጎመራ ስለሆነ፣ ፈጠን ያለ ሰው የሌላውን አጭዶ የራሱንም ለማጨድ ይደርሳል። በ1960ዎቹ በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ከተከፈቱ ወዲህ ይህ የኑሯችን አካል ነው። መተማ ላይ እነዚህን የወቅት ሠራተኞች «ሳሉግ» ይሏቸዋል። አባቴም አጎቶቼም ሳሉግ ነበሩ። ሲመለሱ ለሚስት ነጠላ፣ ለልጅ ካናቴራ፣ ሲቀናቸው ሬዲዮ ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ንዳዱንም ይዘውት ይመጣሉ። ኅዳር ላይ ጋቢ ደራርቦ እሳት ዳር የሚንቀጠቀጥ ጎልማሳ ከታየ፣ የት ከርሞ እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

የሳሉግ ቆላ ግን የአንድ ወቅት ቆላ ነው። ቤቱ፣ ሚስቱ፣ አጥቢያው፣ የአባቱ መቃብር ደጋ ላይ ናቸው። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ምጣዱንና ልጁን ይዞ የወረደውን ሰው።

አያቴ ሰፈራ ሲባል ስትሰማ ታማትብ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሰሜን ሸዋና ከሌሎችም ቦታዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አስፍሯል። ብዙው ሳይወድ ተጫነ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያየ፤ የቆላው በሽታም ጨረሰው። ፓዌ ላይ መንደሮቹ ስም ሳይወጣላቸው በቁጥር ይጠሩ ነበር። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ከሰፋሪው ስንቱ ያፈራውን ጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አያቴ በዚያ ዘመን ወሬው የጠፋ ዘመድ ነበራት። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. ሰፈራ እንደገና ሲነሳ እሷን የሚያሳምን ካድሬ ሊገኝ አልቻለም።

አዲሱ መርሐ ግብር በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራ፣ ከነቤተሰቡ 2.2 ሚሊዮን ሰው፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ለማስፈር የታቀደ ነበር። በእኛ ክልል ከተመረጡት ቦታዎች መካከል መተማ፣ ቋራና ጃዊ ይገኙበታል። ከደርጉ የሚለይበት ነገር በየስብሰባው ተደጋግሞ ተነገረ። በፈቃድ ነው፤ ከክልል አያስወጣም፤ ለአባወራ እስከ 2 ሄክታር ይሰጣል፤ እስኪያመርት ራሽን አለ። የሰውን ልብ ያሳረፈው ግን የመጨረሻው ነጥብ ነበር፦ ትቶት የሚሄደው መሬት ለሦስት ዓመት ይጠበቅለታል። ቆላው አልስማማው ካለ ተመልሶ ይይዘዋል።

በፈቃድ ነው መባሉ እውነት ነበር። አባቴን ማንም አላስገደደውም። ይሁን እንጂ ግንቦት ሳይደርስ ጎታው የሚራቆት ሰው ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው? የእኛ ማሳ ከወንድማማቾች ተከፋፍሎ የቀረ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቀጭን መሬት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠርዙ እየተናደ ወደ በሽሎ ይወርዳል። አባቴ እርከን ይሠራል፣ ጎርፉ ይወስደዋል፤ መልሶ ይሠራል። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ዕለት ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ 2 ሄክታሩን ወደ ጥማድ ሲመነዝር ትዝ ይለኛል። «ስምንት ጥማድ» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ስምንት ጥማድ፣ ሜዳ ላይ» አለ። እናቴ ዝም ብላ ጭራሮ ወደ ምድጃው ትገፋ ነበር።

እኛም ብዙው ቤተሰብ ያደረገውን አደረግን፤ ለሁለት ተከፈልን። ታላቅ ወንድሜ ከአያቴ ጋር መሬቱን ሊጠብቅ ቀረ። የይዞታ ደብተሩ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ አያቴ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከመስቀሏ ጋር አስቀመጠችው። «ሦስት ዓመት» ብላ ለአባቴ በጣቷ አሳየችው። ስንብቱ ከዚህ ያለፈ አልነበረም፤ ከዚህ የከበደ ስንብትም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የተጫንበት መኪና ከወገዳ ተነስቶ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልዲያ ወደ ዘረጉት መንገድ ወጣ፤ ጉናን ወደ ኋላ ትቶ በደብረ ታቦር ቁልቁል ወረደ። በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አገር ነው። የቋራው ሰው ወደ እኛ ተራሮች ወጡ፤ እኛ ደግሞ ወደ ቋራ አጎራባች ወደ መተማ ወረድን። አዲስ ዘመን፣ አዘዞ፣ አይከል፤ ከዚያ ነጋዴ ባሕር ላይ መሬቱ ከእግራችን ሥር የተነሳ ይመስል ቁልቁለቱ ተጀመረ። ሴቶቹ የለበሱትን መደረቢያ አንድ በአንድ አወለቁ። ገንዳ ውሃ ስንደርስ የተሸከምነው የበግ ለምድ ሁሉ ትርፍ ሆኖ ነበር። ከ2000 ሜትር በላይ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበትን አገር ለመልመድ ሰውነቱ ብቻ አይበቃውም፤ የሥራ ሰዓቱን፣ የመኝታ ቦታውን፣ የሚበላውን ሁሉ መለወጥ አለበት።

ቦታው ተዘጋጅቷል ተብለን ነበር። የጠበቁን ግድግዳቸው ያልተመረገ ጎጆዎች፣ ደረቅ ሣርና ግራር ነበሩ። ውሃው ሩቅ ነው። ራሽኑ ስንዴና ዘይት ሲሆን አንዳንዴ በቀኑ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስተኛ ሰው ሁሉ ምንጣፉን ይዞ ግራር ሥር ያድር ጀመር፤ ንፋስ የሚገኘው እዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትውለው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው፤ የምትነክሰውም ማታ ነው። ሆዳቸው ተነፍቶ ክንዳቸው የመነመነ ሰዎች አይቻለሁ። ያኔ ስም አልነበረውም፤ «ቆላው ጠላው» ብቻ ነበር የሚባለው። በ1997 ይኸው በሽታ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ተነስቶ ስንት ቤት ሲያፈርስ፣ ለቆላ ሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ አጥኚዎች ተናግረዋል። ወባውን ሁሉም ያውቀዋል። ክረምቱ ሲወጣ በእያንዳንዱ ጎጆ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር።

መሬቱ ባዶ ነው የተባለውም ልክ አልነበረም። ከእኛ በፊት ጉሙዞች ነበሩ፤ ቀደም ብለው የገቡ ሌሎች ሰፋሪዎችም ነበሩ፤ ከመንደሮቹም 6፣ 7፣ 8 እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ አሉ። እኛ ጫካ ብለን የመነጠርነው ጉሙዝ ማር የሚቆርጥበት፣ የሚያድንበት፣ አርሶ አሳርፎ ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት መሬቱ ነበር። የእጣን ዛፉም እንደ ማንኛውም ዛፍ በመጥረቢያ ወደቀ። ይህን የምጽፈው አባቴን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ መጥረቢያውን ያነሳው በተመራበት መሬት ላይ ነው። ነገር ግን የእኛን ቤት ማግኘት ስናወራ ማን እንደተጠጋልን አለመናገር ነውር ነው።

እናቴን ያንን ቆላ ያስተማረቻት አንዲት የጉሙዝ ሴት ናት። ስንዴው ሲያልቅ የቀረልን ማሽላ ነበር። እናቴ በማሽላ እንጀራ ጋገረች፤ ጠዋት የተጋገረው ማታ ይደርቃል፣ በእጅ ሲይዙት ይሰባበራል። አፈሩ ለምጣድ አልሆን ብሏት ከስማዳ ያመጣችው ምጣድ ሲሰነጠቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያቺ ሴት፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳትሰማ፣ ማሽላውን አገንፍታ፣ የደረቀና የተወቀጠ ባሚያ፣ ወይካ የሚሉትን፣ በውሃ በጥብጣ አቀረበችልን። የሚልገው ወጥ ለደጋ ልጅ አፍ ከባድ ነው። አባቴ በመጀመሪያው ጉርሻ ፊቱን አዞረ። በሁለተኛው ዓመት ወይካ የሌለበት ምሳ ምሳ አልመስለው አለ። እናቴ ከዚያች ሴት ጋር እስከ ዛሬ ልጆቻቸው የሚጠያየቁ ጎረቤት ናት።

ሰሊጡ ሌላ ትምህርት ነበር። አባቴ ሳሉግ ሆኖ ለዓመታት አጭዷል፤ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው ግን ባለእርሻው ነበር። የራሱን ሲዘራ ገብስ የሚያይበት ዐይኑ አሳሳተው። ገብስ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሰሊጥ እስኪደርቅ ከተጠበቀ ፍሬው ይፈነዳና መሬት ይበላዋል። መታጨድ ያለበት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲል፣ የላይኛው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጫፋቸውን ወደ ሰማይ አድርገው እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይህን ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ ሸራ ይነጠፋል፤ ነዶው ሳይነቀነቅ በቀስታ ተነስቶ ሸራው ላይ ቁልቁል ይደፋና መታ መታ ይደረጋል። ያኔ ፍሬው እየተንሿሿ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት አባቴ ለአምስት ቀን ያህል ዘገየ። ገብተን ስናጭድ እግራችን ሥር ያለው ዋልካ በነጭ ፍሬ ተሸፍኖ ነበር። አባቴ ተንበርክኮ በእጁ ሊያፍስ ሞከረ፤ ከአፈሩ ጋር እፍኝ እፍኝ አነሳ። ጎረቤታችን፣ ከእኛ ቀድሞ የሰፈረ የላስታ ሰው፣ መጥቶ ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሚቀጥለው ጥቅምት ያ ሰው ማሳችንን አይቶ «ነገ» ሳይል አባቴ ማጭድ አላነሳም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት መንደሩ ሁሉ የሚኖረው በአንድ እግሩ ነበር። ቤት ሲሠራ ግድግዳው በወጉ አይመረግም፤ «ለሦስት ዓመት ምን አስለፋን» ይባላል። ችግኝ የሚተክል የለም። ልጅ ለመዳር የሚያስብ «አገር ስንገባ» ይላል። እንግዳ ከየት ነህ ሲለው አንዱ አርብ ገበያ፣ ሌላው መካነ ኢየሱስ፣ ሌላው ነፋስ መውጫ ይላል፤ የቆመበትን ስም የሚጠራ አልነበረም። በዚህ ላይ በ1997 ደጋ ላይ ሴፍቲኔት ተጀመረ። ወንድሜ የላከው ወሬ ሲደርስ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ እዚያ የቀሩት መንገድ ጠርገው እርከን ሠርተው ስንዴ ይቀበላሉ። በዚያው ሳምንት ከጎረቤት የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች ሌሊት ተነስተው ሄዱ። ሌሊት የሄዱት ከልካይ ፈርተው አልነበረም፤ የሚቀረውን ጎረቤት ዐይን ማየት ከብዷቸው ነው።

መንደሩን አገር ያደረገው የመሬቱ ሽንሸና ወይም ራሽኑ አይደለም ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ከታች ጋይንት የመጣች ገና ልጅ የምትባል ሚስት በወባ ሞተች። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ «ከሞትን አጥንታችን አገሩ ይገባል» ይል ነበር፤ ባሏም ጋይንት ወስጄ እቀብራለሁ አለ። መኪና የለም፤ ዋልካው ረግረግ ሆኖ በቅሎም አያሳልፍም። ሰማዩ እየጠቆረ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሰዎቹ ቆመው ተከራከሩ። ያን ጊዜ አንድ መሪጌታ ከመካከል ወጡ። ጋይንት ለድጓው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያላት አገር ናት፤ እኚህ ሰው ቤተልሔም የተማሩ ነበሩ፤ እንደ ማንኛችንም ራሽን ይቀበሉ፣ ሰሊጥ ያርሙ ነበር። «መሬቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ቆፍሩ» አሉ። ከመንደሩ ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ተቆፈረ። ከበሮም ጥላም አልነበረም። እሳቸው ፍትሐቱን በቃላቸው አዜሙት። ሙሾ የምታወጣዋ የስማዳ ሴት ነበረች፤ ተቀባዮቹ የዋግ፣ የላስታ፣ የእብናት ሴቶች ነበሩ። ዜማው አልገጠመም፤ ግን ማንም አላቆመም።

በማግስቱ ወንዶቹ ጅብ እንዳይቆፍረው ጉብታውን አጠሩ። በሳምንቱ ለቀጣዩ ሞት ገንዘብ የሚያዋጣ እድር ተቋቋመ፤ መዋጮው በጣሳ ሰሊጥ ነበር። ወር ሲሞላ ሴቶቹ በ21 የማርያም ማኅበር ጀመሩ፤ ጠላው ከማሽላ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከዚያው አጥር ውስጥ ሣር የለበሰች መቃኞ ቆመች፤ ታቦት የገባባት ግን ዘግይቶ ነው። ያቺ ልጅ እዚያ ባትቀበር ኖሮ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትሠራበትን ቦታ ለመምረጥ የጋይንቱና የላስታው ሰው ዓመት ይከራከሩ ነበር።

ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ሲል አባቴ ወደ ወገዳ ወጣ። የሄደው መሬቱን ሊያስመልስ ይሁን ሊሰጥ ለእናቴም አልነገራትም። ሲመለስ አያቴን ይዟት መጣ። መሬቱ ለወንድሜ ሆነ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ካደግሁ በኋላ ጠየቅሁት። ቤት ገብቼ ስተኛ በረደኝ አለ። እርከኑን ለማየት ሄጄ ጠርዙ ሌላ ክንድ ሙሉ መሄዱን አየሁ አለ። ከዚያም ዝም ካለ በኋላ፣ የሰሊጡ አጨዳ እንዳያልፈኝ ስሰጋ ራሴን ያዝኩት አለኝ። አያቴ ደግሞ ቆላውን ለአንድ ቀን እንኳ አልወደደችውም። ግራሩ ሥር ቁጭ ብላ ጉናን ወደምታስበው አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ትጸልይ ነበር። የተቀበረችው ግን እዚያችው ጉብታ ላይ ነው፤ ራሷ ነች ቦታውን ያሳየችው።

ከዚያ በኋላ ደህና ዓመታት መጡ። በ2000 ዓ.ም. የምርት ገበያ ተቋቁሞ ሰሊጡም በዚያ በኩል መሸጥ ሲጀምር አባቴ የቀኑን ዋጋ በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ለደላላ «ሰምቻለሁ» የሚልበት ድምፅ ኩራት ነበረው። ቆርቆሮ ተመታ፣ ማንጎ ተተከለ፣ አጎበር ታደለ። ታናሽ እህቴ የተወለደችው እዚያ ነው፤ ስማዳን የምታውቀው በወሬ ነው፤ ብርድ አትችልም። እኔ ለትምህርት ጎንደር ወጥቼ ቀረሁ፤ ስለ መተማ ሲወራ ግን የስማዳ ልጅ መሆኔን ሰዎች ይረሱታል፣ እኔም አላስታውሳቸውም።

ያ ዘመን አሁን የለም። በእነዚህ ዓመታት በምዕራብ ጎንደር የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ እገታው፣ ግጭቱ፣ የድንበሩ ውጥረት ባለማሳውን ከማሳው አርቆታል። የላስታው ሰው ልጆች ተበትነዋል። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል የሚገባው ስደተኛ በዛ፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራ። እናቴ ያን ሰሞን በስልክ ያወራችኝ ስለ ጦርነቱ አልነበረም። ሰዎቹ ግራር ሥር እንደሚተኙ ሰምታ አዝናለች። «የሚነግራቸው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ስለ ሰፈራው የተጻፉ ጥናቶች አንብቤአለሁ፤ ስንት አባወራ ሰፈረ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ደኑ ምን ያህል ተመነጠረ የሚለው አለ። በመጀመሪያው ክረምት የሞቱት ግን ስማቸው በአንድ መዝገብ ላይ የለም። በእኛ ጉብታ ላይ ድንጋይ ብቻ የቆመባቸው መቃብሮች አሉ፤ የማን እንደሆኑ የሚያውቁት መሪጌታውና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። መሪጌታ ዐይናቸው ደክሟል እንጂ የእያንዳንዱን ሟች ስም ከነክርስትና ስሙ፣ ከነወረዳው ይጠሩታል። የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ አያለሁ። መንገዱ ሲከፈት አንዳቸው ደብተር ይዞ ይውረድ። መሪጌታ የሚገኙት ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ለገበያ ይሄዳሉ።